ከየትኛው ወደየትኛው

ጠበቃው ቅዳሜ ጠዋት የእናቱን ኮምፒውተር እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ሱቁ በር ላይ ሲገተር፣ ብሎን የአንድ ደንበኛ ፕሪንተር በታትና አንጀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ነበር። ብሎን ስሟ አይደለም። አጭርና ጠንካራ ስለሆነች፣ የያዘችውንም ነገር ስለማትለቅ ሰፈሩ ያወጣላት ቅጽል ነው፤ እሷም ተቀብላዋለች። ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች መስኮት አልባ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች፣ መለዋወጫም ትሸጣለች። የጠበቃው ቢሮ እዚያው ፎቅ ላይ ነው። ችሎት ፊት ሲቆም ድንጋይ ያናግራል ይሉታል፤ እሷ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰርበታል። እውነቱን ለመናገር የወደደችውም ለዚሁ ነው፤ አፈኛ ወንድ አትወድም።

“እማዬ እህቷ ጋ ሄዳለች” አላት፣ ኮምፒውተሩን ቀስ ብሎ እያስቀመጠ። “እስከ ከሰዓት አትመለስም። እሷ ሳትመጣ እንጨርሰው።”

“ምኑን?”

“ይኼን ቀርፋፋ። ታበራውና ሄዳ አበባዋን ታጠጣለች። ተመልሳ ስትመጣ ገና እያዛጋ ነው። ያንን አንቺ የምትይውን ፈጣን ዲስክ፣ ኤስኤስዲውን እንክተትለት። ማታ ስትከፍተው ብልጭ ሲልባት ማን ሠራው ማለቷ አይቀርም። ያኔ እነግራታለሁ።”

“ምን ብለህ?”

ጠበቃው ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። “ምራትሽ ናት ብዬ።”

ካቻቪቴው ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ለማንሳት ጎንበስ ስትል ፊቷ ፍም መስሎ ስለነበር፣ ቀና ለማለት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

ይህች ምራት የምትባል ቃል በዚያ ቤት እንዲህ በቀላሉ የምትነገር አልነበረችም። እናቱ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ዛሬም ድረስ ሰፈሩ ዳይሬክተሯ ይላቸዋል፤ መላጣ የሆኑ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው እንኳ መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ይከታሉ። የልጃቸውን ነገር በሰው በሰው ሰምተው አንድ ቀን ሱቁ ድረስ ወርደው ነበር። ብሎንን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ገመዶች አይተው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ “ኮምፒውተሬ ሲበላሽ እልክልሻለሁ። ልጄ ግን አልተበላሸም” ብለዋት ወጡ። ብሎን ያን ቀን ደንበኛ የጠየቃትን ሁሉ “የለም” እያለች ነው የዋለችው።

ስለዚህ አሁን ጠረጴዛዋ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር ብቻ አልነበረም፤ የዚያ ቤት በር ነበር። በደንብ ከሠራችው ይከፈትላታል ብላ አመነች።

“አቅሜን ታውቂያለሽ” አላት ጠበቃው። ከረባቱን ያየ ሁሉ ሀብታም ያደርገዋል እንጂ ኪሱ የጀማሪ ኪስ ነው። “ርካሽ ይሁን፤ ግን እማዬ ፊት የማያሳፍር።”

ብሎን ከመስታወቱ መደርደሪያ ካርቶኖች አወረደች። ሥራዋን ስታወራ እፍረቷ ብን ብሎ ነው የሚጠፋው።

“ይኼ እንደ ማስቲካ የቀጠነው ከሁሉም ፈጣን ነው። ዋጋውም እንደዚያው። ግን የእናትህ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ይኼ የሚሰካበት ቦታ የለውም። ቢኖረውም እሳቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ያያሉ፤ ለዚህ ምን አስቸኮላቸው?”

“ይኼኛውስ?” ጠበቃው እጁን ወደ አንድ የሚያብረቀርቅ ካርቶን ላከ። “ሁለት ቴራ ይላል። ዋጋው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው።”

“እሱን ተወው፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው” አለች እየሳቀች። “ካርቶኑ ላይ ሁለት ቴራ ይላል፤ ኮምፒውተሩም ተታልሎ ሁለት ቴራ ነው ይልሃል። ውስጡ ያለው ግን ከእፍኝ አይበልጥም። ሲሞላ ዝም ብሎ በድሮው ላይ ይጽፍበታል፤ አንተ የምታውቀው ፎቶህን ስትፈልግ ነው። ለመሸጥ ሳይሆን ለማሳየት ነው ያስቀመጥኩት።”

የቀረው ተራው ነበር፤ ጠፍጣፋ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሰካ፣ የታወቀ ድርጅት ሥራ የሆነና የዓመታት ዋስትና ያለው። በሁለት መጠን ነበራት፤ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ጊጋና ባለ አምስት መቶ።

“ትንሹ ይበቃል” አለች። “ከአሮጌው ጋር ሲተያይ የፍጥነቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ያላቸው ፋይል ግማሹን እንኳ አይሞላም። የተረፈህን ለሌላ ታደርገዋለህ።”

“አሮጌው ስንት ነበር?”

“አምስት መቶ።”

“ታዲያ በግማሽ ልቀንስባት? እማዬን ታውቂያታለሽ። ‘ፈጠነ፣ ግን አነሰ’ ነው የምትለው። ትልቁም እኮ ሰሞኑን ቅናሽ ላይ ነው፤ ልዩነታቸው ይኼን ያህል አይደለም። አምስት መቶውን አድርጊልኝ።”

ብሎን ትንሹን ካርቶን ከእጇ አላስቀመጠችም። ማንም የማያውቃት አንዲት ልማድ ነበረቻት። የአሮጌውን ዲስክ ይዘት ወደ አዲሱ ስትገለብጥ፣ መቅጃው ፕሮግራም ዲስኮቹን በዝርዝር ያሳያታል፤ ስማቸው የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ ስለሆነ እሷ የምታምነው መጠናቸውን ነበር። ከአሮጌው ጋር እኩል የሆነ አዲስ ዲስክ ላለመሸጥ የማታደርገው አልነበረም። መጠናቸው ከተለያየ ከየትኛው ወደየትኛው እንደምትቀዳ ዓይኗን ጨፍናም አትስትም።

ይህን ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ግን ችሎት ፊት የማያውቀውን ዓይነት ልመና በዓይኑ እያሳያት ነበር። ፍቅር የያዘው ሰው ደግሞ የራሱን ሕግ ራሱ ሲሽር ደስ ይለዋል።

“እሺ፣ አንተ ያልከው ይሁን” አለች።

ሽፋኑን ፈታች፤ አሮጌውን ዲስክ አውጥታ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን በራሷ ኮምፒውተር ላይ ሰካቻቸው። ከዚያ ማንኛውንም ደንበኛ የምትጠይቀውን ጠየቀችው።

“ውስጡ ያለው ነገር ሌላ ቦታ ቅጂ አለው?”

ጠበቃው ሰዓቱን አየ። “አለው።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“ብሎኔ፣ አለው አልኩሽ እኮ። ጀምሪው።”

ዝርዝሩ መጣ። አምስት መቶ፣ አምስት መቶ። ጠጋ ብላ ስማቸውን ማንበብ ጀመረች፤ ከጀርባዋ ሆኖ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው።

“ቤት አይቻለሁ” አላት።

“የምን ቤት?”

“የእኛን። ቀብድ እያጠራቀምኩለት ነው፤ ለዚህ ነው እንዲህ ርካሽ ርካሽ የምልሽ። ትንሽ ናት። ግን ከጎኗ አንድ ክፍል አላት፤ ትልቅ መስኮት ያለው። ጠረጴዛሽን መስኮቱ ሥር እናደርገዋለን። በቀን ብርሃን ትሠሪያለሽ።”

ዞር ብላ አየችው። ከዚህ ደረጃ ሥር ከገባች ወዲህ በአምፖል ነው የምትሠራው፤ ለማንም አማርራ አታውቅም። እሱ ግን ልብ ብሎላታል። እጇ ማውዙ ላይ እንዳለ፣ ዓይኗ እሱ ላይ እንዳለ መነሻውንና መድረሻውን መረጠች፤ ፕሮግራሙ መድረሻው ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ አስጠነቀቃት፤ ሁልጊዜም የሚያስጠነቅቃትን ነውና አልፋው ሄደች። አረንጓዴው መስመር መሙላት ሲጀምር ልቧ ሞልቶ ሊፈስ ምንም አልቀረውም።

* * *

መቅዳቱ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ያ ሁለት ሰዓት በሕይወቷ ደስ ያላት ጊዜ የትኛው ነው ተብላ ብትጠየቅ ሳታስብ የምትጠራው ሊሆን ይችል ነበር።

በሩን ገርበብ አድርገው ሁለቱ በአንድ በርጩማና በአንድ ባዶ የፕሪንተር ካርቶን ላይ ተቀመጡ። መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን በሚለው ተከራከሩ፤ ተረታላት። ስለ እናቱ አወሩ።

“ሰው እንደሚያስበው አይደለችም” አላት። “አባዬ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? የከባድ መኪና ሹፌር። ዘመዶቿ ‘የተማረች ልጅ ሹፌር አገባች’ ብለው ስንት ጊዜ አኩርፈዋታል።”

“እውነትህን ነው?” ብሎን ከመገረሟ የተነሳ ቆመች። “እናንተ ቤት ሹፌር ከገባማ ጠጋኝም ትገባለች።”

“በመጨረሻው ዓይኑን አሞት ነበር፤ አያይም። ታዲያ የዞረበትን መንገድ ሁሉ ይተርክላት ነበር። የትኛው ዳገት ላይ ጎማ እንደፈነዳ፣ የትኛው ወንዝ ዳር እንዳደረ። እሷ በኋላ ልትጽፈው ድምፁን ኮምፒውተሯ ላይ ቀዳችው። መሀል ላይ ያቆምና ‘ጻፍሽው?’ ይላታል። ‘ጻፍኩት፣ ቀጥል’ ትለዋለች፤ ብዕርም አልያዘችም እኮ።” ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ድምፁ ሰለለ። “ከሞተ ጀምሮ እሑድ እሑድ ጠዋት ከፍታ ትሰማዋለች። በሩን ዘግታ። እኔ ከውጭ ሆኜ ነው የምሰማው።”

ብሎን እጁን ያዘችው። ሁለቱም አረንጓዴውን መስመር እያዩ ነበር። ከግማሽ አልፏል።

“አባትህን ባውቃቸው ደስ ይለኝ ነበር” አለች።

“ይወድሽ ነበር።”

መስመሩ ሞልቶ “ተጠናቀቀ” ሲል ሁለቱም እንደ ልጅ አጨበጨቡ። አዲሱን ዲስክ በእናትየው ኮምፒውተር ውስጥ ሰካች፣ አሰረች፣ ስክሪን አገናኘች፣ አበራች።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። በጥቁሩ ላይ አንድ ነጭ ጽሑፍ መጣ፤ የምነሳበት ዲስክ አላገኘሁም ይላል።

“ገመዱ ነው” አለች። ገመዱን ነቅላ ሰካች። ያው ነው። ሌላ ገመድ አመጣች። ያው ነው። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። አዲሱን አውጥታ አሮጌውን መለሰችና አበራች፤ ጠዋት ይሠራ የነበረ ዲስክ ነው፣ ቢያዛጋም ይነሳል። ያው ጥቁር፣ ያው ነጭ ጽሑፍ። ሁለቱን አውጥታ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ሰካቻቸው፤ ዝርዝሩን ከፈተች፤ አሁን ጠጋ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች ስማቸውን አነበበች።

ክው አለች።

ሰው ሲደነግጥ ይጮኻል የሚል ሰው ደንግጦ አያውቅም። ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ጭው ብሎ የፎቁ ጫጫታ፣ የመንገዱ ጥሩምባ ሁሉ ጠፋ። እጇን ስታየው የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

“ምንድነው?” አለ ጠበቃው። “ፊትሽ ምን ሆኗል?”

“ገልብጬ ቀዳሁት።”

“ምን ማለት ነው?”

“ባዶውን በሙሉው ላይ። ከአዲሱ ወደ አሮጌው።”

“እና... ይመለሳል አይደል? ትመልሺዋለሽ።”

“እያንዳንዷን ነጥብ እንዲቀዳ ነው ያዘዝኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ሆኗል። የሚመለስ ነገር የለውም።” ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከዚያ ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ ልታጽናናው ሞከረች። “ደግነቱ ቅጂ አለ። የት ነው ያለው? ፍላሽ ላይ ነው? ሂድና አምጣልኝ፤ እሳቸው ሳይመጡ መልሼ እጭነዋለሁ።”

ጠበቃው ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለ። ካርቶኑ ተጨፈለቀ።

“የለም” አለ።

“ምኑ?”

“ቅጂው። ያላት መሰለኝ... እማዬ ጥንቁቅ ናት፤ ይኖራታል ብዬ ነው። ብጠይቃት ሰርፕራይዙ ይበላሻል። ከዚያ ደግሞ ሰዓቱ እየሄደ ነበር።”

“የአባትህ ድምፅስ?”

ጠበቃው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። መልሱን አገኘችው። እጁን ይዛ ስለ እሳቸው ስትሰማ፣ ‘ባውቃቸው ደስ ይለኝ ነበር’ ስትል፣ ያ መስመር በሞላ ቁጥር እሳቸውን እያጠፋ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች።

“ስሚኝ” አላት ጠበቃው። አሁን ድምፁ የችሎቱ ድምፅ ሆኗል። “መብራቱ ሲዋዥቅ አቃጠለው እንበላት። አሮጌ ነው፤ የሚጠበቅ ነው። ማንም አይጠይቅም።”

ብሎን ዓይኗን ማመን አቅቷት አየችው።

“ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንጂ መብራት አይደለም።”

“ብሎኔ፣ ይኼን ከሰማች አበቃልን። ቤቱም፣ መስኮቱም፣ ሁሉም ነገር። ለእኛ ብዬ ነው።”

“እሑድ ከፍተው እሳቸውን ሲፈልጉ እኔ ምን ሆኜ ልቀመጥ?” አለች። “እኔ እነግራቸዋለሁ። እጄ ስቷል፤ እሱን እናገራለሁ። አንተ ደግሞ የቅጂውን ነገር ንገራቸው። የእኔን እኔ፣ የአንተን አንተ። ከዚያ የመጣው ይምጣ።”

ጠበቃው የተጨፈለቀውን ካርቶን ትቶ ተነሳ። “እሺ” አለ። ጨመቅ አድርጎ አቀፋት፤ እሷም በፍርሃቷ መሀል ተስፋ አደረገች።

* * *

እዚያው ሰፈር ሌላ ፎቅ ላይ ያለው የዳይሬክተሯ ሳሎን እንደ ራሳቸው ነው፤ መጽሐፎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፣ ወንበሮቹ ጀርባቸውን ግድግዳ አስይዘዋል። ኮምፒውተሩ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ የጠረጴዛ ልብሱ ብቻ ቀርቷል። ብሎን አልቀመጥም ብላ ቆማለች። ጠበቃው ከሶፋው ጫፍ ላይ ነው።

ዳይሬክተሯ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ገቡ። ባዶውን ጠረጴዛ አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ብሎንን አዩ። ሰላምታውን ሊጀምሩ ሲሉ ብሎን ቀደመቻቸው፤ ትንሽ ብትቆይ እንደማይወጣላት አውቃዋለች።

“እትዬ፣ ኮምፒውተርዎን አፍጥኜ ላስደስትዎ ብዬ አዲስ ዲስክ ላስገባ ነበር። ስገለብጥ አቅጣጫውን ሳትኩ። ውስጡ የነበረውን ሁሉ አጠፋሁት። አይመለስም።”

ዳይሬክተሯ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ነበር። ሌላውን እንደተጫሙ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“የእሱም ድምፅ?” አሉ።

“የእሳቸውም።”

“ሁሉም?”

“ሁሉም፣ እትዬ።”

ዳይሬክተሯ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ቦርሳ ከፈቱት፣ ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። ምን እንደሚፈልጉ የሚያውቁ አይመስሉም። ብሎን ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድቡ ቢመጣ ይሻላት ነበር።

“አስረጂኝ” አሉ በመጨረሻ። ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚያቆሙበት ድምፅ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ይንቀጠቀጣል። “እንዴት ነው የሚሳተው?”

አስረዳቻቸው። ሁለቱ ዲስኮች እኩል መሆናቸውን፣ ዝርዝሩ ላይ ሲታዩ መንታ መምሰላቸውን፣ ስማቸውን አጣርታ ሳትጨርስ መጀመሯን።

“እኩል የሆነውን ለምን መረጥሽ?”

“መምረጥ አልነበረብኝም። ልማዴም አልነበረም።”

ወደ ጠበቃው አልዞረችም፤ ይህን ያህሉን ለራሷ ወስዳዋለች። እሺ ያለችው እሷ ናት።

“ሥራ ስትጀምሪ ሌላ ቅጂ አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂም?”

የጠበቀችው ጥያቄ መጣ። ብሎን አሁን ዞር ብላ አየችው። ጊዜ ሰጠችው። በዓይኗ ‘ይኸው ተራህ’ አለችው። ጠበቃው አፉን ከፈት አደረገ፤ እጁ ወደ ከረባቱ ሄደ፤ ከዚያ ምንጣፉን ማየት ጀመረ። ምላሱ እሷ ፊት ሲተሳሰር ስንት ጊዜ ወዳዋለች። ዛሬ ግን ጠበቀችው፣ ጠበቀችው፣ አልመጣም።

“ማጣራት ነበረብኝ” አለች ለዳይሬክተሯ። “አላጣራሁም።”

ዕድሜያቸውን ሙሉ መስታወት የሰበሩ ልጆችን ፊት ሲያነቡ የኖሩ ሴት ናቸው። ከብሎን ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ ብሎን አዩ።

“አንተ” አሉ። “ኮምፒውተሩን የወሰድከው አንተ ነህ። ቅጂ አለው ወይ ብላ ጠይቃህ ነበር?”

“እማዬ፣ አሁን ይኼ ምን ይሠራል? ያለፈ ነገር...”

“ጠይቃሃለች ወይስ አልጠየቀችህም?”

ጠበቃው ቀና አለ። ፊቱ ረጋ ያለ ነበር፤ በጣም የረጋ። ደንበኞቹ ከምስክርነት በፊት እንዲሉ የሚመክራቸውን ቃል ነው የተናገረው።

“አላስታውስም” አለ።

ብሎን ያ ጥቁር ስክሪን ያደረሰባት ድንጋጤ የመጨረሻው መስሏት ነበር። አልነበረም። ጠዋት ነው የጠየቀችው፤ ‘ብሎኔ’ ብሎ ነው የመለሰላት፤ የምሳ ሰዓት ካለፈ ገና ብዙ አልሆነም። ሙሉ ሰው፣ ከረባቱን ያሰረ፣ ሱፉ ያልተጨማደደ፣ ዓይኗ እያየ አላስታውስም አለ። መጋረጃውን የመረጡለት መስኮት ያኔ ተዘጋ። ማልቀስ እንኳ አልቻለችም፤ እንባዋም ክው ብሎ ቆሟል።

“አላስታውስም” አሉ ዳይሬክተሯ ቃሉን ደገም አድርገው። “ለሰው ሁሉ ችሎት ቆመህ ትናገራለህ። ደጅ ቆይልኝ።”

“እማዬ...”

“ደጅ ቆይልኝ አልኩህ።”

ወጣ። በሩ ሲዘጋ ዳይሬክተሯ ሌላውን ጫማ አወለቁ። በባዶ እግራቸው ሲያዩዋቸው በጣም ትንሽ ሴትዮ ነበሩ።

“ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ፣ ማንም አይወስድብኝም ልልሽ ነበር” አሉ። “ግን ልዋሽሽ አልችልም። እየጠፋብኝ ነበር። ለዚያ ነው እሑድ እሑድ የምከፍተው። አሁን ከፍቼ የምሰማው ሳይኖረኝ ነው የሚጠፋብኝ።” እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። “ስለዚህ ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም። ይቆየኝ። አንድ ቀን እልሻለሁ።”

“ባይሉኝም አልፈርድብዎትም፣ እትዬ።”

“ሌላው ነገር ግን አይቆይም።” የብሎንን እጅ ያዙ፤ የእሳቸው እጅ በረዶ ነው። “ጠይቀሽዋል። ጠይቀሽው ዋሽቶሻል፤ አንቺም ሸሸግሽለት። እኔ እንኳ አባቱን ሳገባ ይኼን አላደርግለትም ነበር። ልከለክልሽ ወርጄ ያልኩሽን ረስተሽልኝ ልጄን ውሰጂው። ቤታችን ቤትሽ ነው። ከአንቺ ጋር ከሆነ ሰው ይሆናል።”

ይህችን ቃል ብሎን በሕልሟም በውኗም ስትጠብቃት ኖራለች። ብትሰማት ምን እንደምታደርግ ሳይቀር አስባበት ነበር፤ ታለቅሳለች፣ ጉልበታቸውን ትስማለች፣ ሮጣ ወጥታ ትነግረዋለች። አሁን ተሰማች። ደረቷ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ወደቀችና ምንም ድምፅ አላሰማችም። ይህ ራሱ አስደነገጣት።

“እትዬ” አለች፣ እጃቸውን ሳትለቅ። “እኔ የምችለው ዕቃ ነው። ሰው መሥራት አልችልም።”

ዳይሬክተሯ ግንባሯን ሳሟትና ፊታቸውን አዞሩ።

ጠበቃው በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ስትወጣ ቀና አለ፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

“ጠይቀሽኛል” አላት፣ በሹክሹክታ። “አስታውሳለሁ።”

“አውቃለሁ።”

“ፈራሁ። አንቺን ላጣሽ ነው ብዬ ፈራሁ። እወድሻለሁ እኮ።”

“እሱንም አውቃለሁ” አለች። “ባትወደኝ ኖሮ አይገርመኝም ነበር። እየወደድከኝ ነው አላስታውስም ያልከው።”

አጠገቡ አልፋ ደረጃውን ጀመረች። መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ ግድግዳውን እየያዘች ወረደች። ከታች ስትደርስ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። መንገዱ ላይ ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል። መነሳት እንዳለባት ታውቃለች፤ ጆሮዋ ግን እሷን ሳያስፈቅድ ወደ ላይ ያዳምጥ ነበር። ከላይ የሚወርድ እግር አልነበረም።